ቱቦ ይግባለት ወይስ በካሜራ ይከፈት? ለአንድ አባት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ልጃችን 4 ወር ሞልቶታል። በተወለደ በ2 ሳምንቱ ትኩሳት ይዞት፣ ጨቅላ ክፍል ተኝቶ፣ መርፌ ሲወጋ ቆይቶ ተሽሎት ወጣ። ከዚያ በኋላ ጭንቅላቱ ማደግ ጀመረ። አሁን 48 ሴንቲ ሜትር ደርሷል። ሃይድሮሴፋለስ ነው፣ አንጎሉ ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሟል ተብለን ወደ አዲስ አበባ ተላክን። ሐኪሙ ወይ ቱቦ ይገባለታል፣ ወይ በካሜራ ገብተን መንገድ እንከፍትለታለን አለን። ካሜራው ዩጋንዳ የተጀመረ ነው ሲሉ ሰማሁ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ እዚህ ቱቦ ነው የሚያደርጉት፣ ያኛው ለድሃ አገር የተፈጠረ ነው፣ እንዳትስማማ፣ ገንዘብ አሰባስበን ወደ ውጭ እንወስደዋለን ይላል። ግራ ገባን። የቱ ይሻላል?»

ምላሽ፦ እንኳን ጻፉልኝ። ቁርጡን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ሁለቱም ትክክለኛ ሕክምናዎች ናቸው። ሐኪሙ ሁለት ምርጫ የሰጣችሁ ግራ ገብቶት እንዳይመስላችሁ። እንደ ልጅዎ ላለ ሕፃን የትም ዓለም ብትሄዱ ዋናዎቹ ምርጫዎች እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ወንድምዎ ለልጁ አስቦ ነው፤ አልወቅሰውም። «ለድሃ አገር የተፈጠረ» ያለውን ግን አልቀበለውም። ለምን እንደማልቀበለው ረዘም አድርጌ ላስረዳዎ እፈልጋለሁ። በዚህ ሐሳብ የተነሳ ወራት ባክነው፣ በመሐል የሕፃን አንጎል ሲጎዳ አይቻለሁና።

የልጁን ስካን ሳላይ እንደምጽፍ ግን ልብ ይበሉ። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ልጁን በእጁ የያዘው ሐኪም ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። አንጎላችን መሐል ክፍተቶች አሉ። እነሱ ውስጥ ኮሮይድ ፕሌክሰስ የሚባል፣ በደም ሥር የተሞላ ለስላሳ ሥጋ አለ። ሥራው ንጹሕ ፈሳሽ ማመንጨት ነው። አዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ያመነጫል። ፈሳሹ በጠባብ መተላለፊያዎች እየወረደ ይወጣል፣ አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን ይዞራል፣ መጨረሻ ላይ ወደ ደም ይመለሳል። ልጅዎ በ2 ሳምንቱ የያዘው ኢንፌክሽን አንጎሉ ድረስ ዘልቆ ከነበረ፣ መተላለፊያው ላይ ጠባሳ ትቶ ይሆናል። ፈሳሹ መመንጨቱን አያቆምም። መውጫው ስለተዘጋ ግን ይጠራቀማል። የሕፃን የራስ ቅል አጥንቶች ገና ስላልተጋጠሙ ጭንቅላቱ ይለጠጣል።

የ4 ወር ወንድ ልጅ ጭንቅላት በአማካይ 42 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 48 የ2 ዓመት ልጅ ልክ ነው። ጭንቅላቱ መለጠጡ ለጊዜው ልጁን ጠቅሞታል፤ ግፊቱን አቅልሎለታል። ያም ሆኖ አንጎሉ በየቀኑ እየሳሳ ነው። ስለዚህ የቱን ልምረጥ ብሎ ለማሰብ ያላችሁ ጊዜ በሳምንት የሚቆጠር እንጂ በወር አይደለም።

አሁን ወደ ቱቦው ልምጣ። ሸንት ነው የምንለው። ቀጭን የሲሊኮን ቱቦ ነው። አንዱ ጫፍ አንጎል ክፍተት ውስጥ ይገባል። ከቆዳ ሥር በአንገትና በደረት ወርዶ ሌላው ጫፍ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። መሐሉ ላይ ፈሳሹን የሚቆጣጠር ቫልቭ አለው። ሆድ ዕቃ ፈሳሹን መጥጦ ወደ ደም ይመልሰዋል። እርስዎም አባት ነዎትና አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ይህ ቫልቭ አስተማማኝ እንዲሆን ካደረጉት ሰዎች አንዱ ሐኪም አልነበረም። ጆን ሆልተር የሚባል አሜሪካዊ የማሽን ባለሙያ ነበር። ልጁ ኬሲ ይኸው ሕመም ነበረበት። ሆልተር በ1956 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሲሊኮን ቫልቭ ሠራ። ሸንት ከመምጣቱ በፊት የእነዚህ ሕፃናት አብዛኛዎቹ ይሞቱ ነበር። ሸንት ታሪኩን ለወጠው። ስለዚህ ማንም ሰው ሸንትን ቢያጥላላልዎ አይስሙት።

ችግሩ ሸንት ዕቃ መሆኑ ነው። ይደፈናል፣ ይበጠሳል፣ ኢንፌክሽን ይይዘዋል። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ሰሜን አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ በተደረገ ትልቅ ጥናት፣ ሕፃናትና ልጆች ላይ ከሚገቡ አዳዲስ ሸንቶች ከ10ሩ 4 ያህሉ በመጀመሪያው ዓመት ይበላሻሉ። በ2 ዓመት ግማሽ ያህሉ። ቦስተን የሚኖር ልጅ ሸንቱ ከተደፈነ እናቱ ያንኑ ማታ ድንገተኛ ክፍል ታደርሰዋለች። መኪና ከማይደርስበት ገጠር የሚኖር ልጅስ? ሸንቱን ተላምዶ የኖረ አንጎል በድንገት ሲዘጋበት በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ልጁ ሊሞት ይችላል።

ይህ ጥያቄ ነው አንድን የሕፃናት ነርቭ ቀዶ ሐኪም ያስጨነቀው። ቤንጃሚን ዋርፍ ይባላል፤ አሜሪካዊ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ቤተሰቡን ይዞ ምሥራቅ ዩጋንዳ ወደምትገኘው ምባሌ ከተማ ሄደ። እዚያ በ2001 የተከፈተው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ መሥራት ጀመረ። ከየአቅጣጫው ጭንቅላታቸው ያበጠ ሕፃናት መጡ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ልክ እንደ ልጅዎ ኢንፌክሽን ይዟቸው ከዳኑ በኋላ የታመሙ ነበሩ። ለሁሉም ሸንት ቢያስገባ፣ ሲበላሽ ማን ጋ ይሄዳሉ?

ያደረገው ሁለት የቆዩ ሐሳቦችን ማጋባት ነው። አንደኛው በኢንዶስኮፕ፣ ማለትም ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ፣ ሦስተኛው የአንጎል ክፍተት ወለል ላይ፣ ፈሳሹ በአዲስ መንገድ እንዲወጣ፣ ቀዳዳ መክፈት ነው። ዊሊያም ሚክስተር የሚባል ሐኪም በ1923 ቦስተን ውስጥ ሠርቶታል። ሌላው ፈሳሹን የሚያመነጨውን ኮሮይድ ፕሌክሰስ በመተኮስ ማሳነስ ነው። እሱም በ1910 ቺካጎ ውስጥ ተሞክሯል። ሸንት ሲመጣ ሁለቱም ወደ ጎን ተተዉ። ቀዳዳ መክፈቱ ለብቻው ትልልቅ ልጆች ላይ ጥሩ ይሠራል፤ ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይከሽፋል። ዋርፍ ሁለቱን በአንድ ቀዶ ሕክምና አንድ ላይ አደረጋቸው።

ውጤቱን በ2005 አሳተመ። 550 ልጆች ነበሩ። ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ላይ ቀዳዳው ብቻ ሲከፈት 47 በመቶው ያለ ሸንት ዳኑ። መተኮሱ ሲጨመርበት 66 በመቶ ሆነ። ጀርባቸው ላይ ክፍተት ይዘው የተወለዱ፣ ማለትም ስፓይና ባይፊዳ ያለባቸው ሕፃናት ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ጎላ፤ ከ35 በመቶ ወደ 76 በመቶ ወጣ።

እዚህ ላይ ለወንድምዎ የምነግረው አንድ ነገር አለኝ። ይህ ሕክምና ለርካሽነቱ የተፈጠረ ቢሆን ኖሮ ዋርፍ አያስፈልገውም ነበር። ርካሽ ሸንት በእጁ ነበረው። ቻብራ የሚባል የህንድ ሸንት አለ፤ ዋጋው 35 ዶላር ገደማ ነበር። ይኸው ሰው ከ600 ዶላር በላይ ከሚያወጣ የምዕራባውያን ሸንት ጋር አወዳደረው። በ1 ዓመት ክትትል የጎላ ልዩነት አላገኘም። ርካሹን ሸንት አስገብቶ ማረፍ ይችል ነበር። የፈለገው ልጁ ዕድሜ ልኩን በዕቃ ላይ እንዳይንጠለጠል ነው። ይህ ደግሞ የደሴ አባትም የቺካጎ አባትም የሚመኘው ነገር ነው።

ዋርፍ በኋላ ቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ገባ። ይኸንኑ ቀዶ ሕክምና እዚያ አሜሪካውያን ሕፃናት ላይ ሠራ፣ ሌሎችንም አስተማረ። በ2012 ማክአርተር የሚባለውን ታዋቂ የአሜሪካ ሽልማት ተሸለመ። እርግጥ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ዛሬም ብዙ ሆስፒታሎች ለትንሽ ሕፃን መጀመሪያ የሚያስቡት ሸንት ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶችም ከምባሌው ዝቅ ያለ ውጤት አሳይተዋል። አንዱ ምክንያት እጅ ነው። ኮሮይድ ፕሌክሰሱን ከሞላ ጎደል በሙሉ መተኮስ የቻለ ሐኪም የተሻለ ውጤት ያገኛል። ያ ደግሞ በልምምድ የሚመጣ ነው። ስለዚህ «የት አገር?» ከማለት «የሚሠራው ሐኪም ስንት ሠርቷል?» ማለት ይበልጥ ይጠቅማል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ዋርፍ የራሱ ውጤት ነው። ጥያቄዎን በቀጥታ የሚመልስ ሌላ ጥናት አለ። በ2017 ወጣ። የተሠራው እዚያው ምባሌ ነው። ከኢንፌክሽን በኋላ ሃይድሮሴፋለስ የያዛቸው፣ ዕድሜያቸው ከ6 ወር በታች የሆነ 100 ሕፃናት ተመረጡ። ልጅዎን ይመስላሉ ማለት ነው። ማን ሸንት ማን ኢንዶስኮፕ እንደሚያገኝ በዕጣ ተወሰነ። ከ1 ዓመት በኋላ የልጆቹ የማሰብና የመማር እድገት በባለሙያ ተለካ። ልዩነት አልተገኘም። መጀመሪያ የተሠራላቸው ሕክምና የከሸፈባቸው በኢንዶስኮፕ በኩል 35 በመቶ፣ በሸንት በኩል 24 በመቶ ነበሩ። ይህም ቢሆን በስታቲስቲክስ ልዩነት የሚባል አልነበረም።

ይህን የምነግርዎ እንዲያመዛዝኑ ነው። ኢንዶስኮፕ ልጅዎን የበለጠ ጎበዝ አያደርገውም። ሸንትም እንደዚያው። የኢንዶስኮፕ ትርፉ ከዚያ በኋላ ነው የሚታየው። የሚከሽፍ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ ይከሽፋል። ያኔ ሸንት ይገባለታል፤ በሩ አልተዘጋበትም። 6 ወሩን ከተሻገረ ግን ብዙዎቹ ልጆች ያለ ዕቃ ያድጋሉ። የሸንት ሥጋት ደግሞ በ2 ዓመትም፣ በ10 ዓመትም፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶም አብሮ ይኖራል።

ቀዶ ሕክምናው ምን እንደሚመስልም ልንገርዎ። ወላጅ ያላየውን ነገር ይፈራል። የልጅዎ እርግብግቢት ገና ክፍት ስለሆነ አጥንት መሰርሰር ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ከእርግብግቢቱ ጠርዝ ትንሽ እንከፍታለን። እንደ እርሳስ የቀጠነ፣ ጫፉ የሚታጠፍ ኢንዶስኮፕ እናስገባለን። ስክሪኑ ላይ የምናየው ጥርት ያለ ውሃና ነጭ ግድግዳ ነው። ኢንፌክሽን የነበረበት ልጅ ግን ግድግዳው ቢጫ ጠባሳ ይኖረዋል፤ አንዳንዴም ድር የመሰለ መጋረጃ ተጋርዶ ይገኛል። ወደ ሦስተኛው ክፍተት ስንወርድ ወለሉ ከመሳሳቱ የተነሳ ብርሃን ያሳልፋል። ከሥሩ ትልቅ የደም ቧንቧ ሲመታ ይታያል። ቀዳዳውን የምንከፍተው ከዚያ ቧንቧ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ቦታ ነው። እጅ የማይንቀጠቀጥበት ደቂቃ ነው። ከተከፈተ በኋላ ወለሉ ከፈሳሹ ጋር መውጣት መግባት ሲጀምር ማየት ደስ ይላል። ቀጥሎ ወደ ኮሮይድ ፕሌክሰሱ እንሄዳለን። ቀይ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ነው። ሲተኮስ ነጭ ሆኖ ይጨማደዳል። አንዱን ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጨርሰን በመሐል ግድግዳው አልፈን ሌላውን ጎን እንደግማለን። አደጋ የለውም አልልዎትም። መድማት አለ፣ ኢንፌክሽን አለ፣ አልፎ አልፎ የሚጥል በሽታ ወይም የሆርሞን መዛባት ያጋጥማል።

እንግዲህ ለልጅዎ የቱ? ቀዶ ሕክምናውን የምሠራው እኔ ብሆን፣ ሐኪሙ በዚህ ሥራ የሠለጠነ ከሆነና የአንጎሉ ክፍተቶች በጠባሳ ብዙ ቦታ ያልተከፋፈሉ ከሆነ በኢንዶስኮፕ እጀምራለሁ። ውስጥ ከገባሁ በኋላ ከወለሉ ሥር ያለው ቦታ በጠባሳ ተሞልቶ ካገኘሁት የመሳካት ዕድሉ ይቀንሳል፤ ያኔ ሸንት ማስገባት ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ይህን አስቀድማችሁ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት። በካሜራ ገብቶ ሸንት አስገብቶ ቢወጣ አታለለን እንዳትሉ። ፈሳሹ ገና ያልጠራ ወይም ኢንፌክሽኑ ያልጠፋ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም አንሠራም። መጀመሪያ መድኃኒት ይቀጥላል፤ ግፊቱ በጊዜያዊ መንገድ ይተነፍሳል።

ወደ ውጭ ስለመውሰድ የጠየቁኝን ደግሞ እንዲህ አየዋለሁ። ገንዘብ ማሰባሰብ፣ ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ቀጠሮ ሲባል ወራት ያልፋሉ። ጭንቅላቱ አይጠብቅም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን ከጀመረ ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ አገራችን ውስጥ የሠለጠኑ ብዙ ባለሙያዎች አሉን። ይህን ሥራ እዚሁ የሚሠሩ አሉ። ወንድምዎ መርዳት ከፈለገ፣ እሰየው፣ ሌላ ነገር ይርዳ። ከደሴ አዲስ አበባ የምትመላለሱበትን ትራንስፖርትና ማረፊያ ይሸፍን። ኤምአርአይ ወረፋው ከረዘመ በግል ያስነሳው። በኋላም ፊዚዮቴራፒ ያስፈልግ ይሆናል። ውጭ ሄዶ ሸንት አስገብቶ የመጣ ልጅ ሸንቱ ሲደፈን የሚመጣው እኛው ጋ ነው። ክትትሉ የሚሆነው ልጁ በሚኖርበት አገር ነው።

ጠበል ወይም ዱዓ ማድረስ ከፈለጋችሁ አድርሱ። ቀጠሮው ብቻ አይለፍ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብዙ ወላጆችን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ። ጭንቅላቱ አይጎድልም። ኢንዶስኮፕ ከተሠራለት ስካን ላይ ክፍተቶቹ ትልቅ እንደሆኑ ሊቆዩ ይችላሉ። ሸንት ክፍተቱን ቶሎ ያጠባል፤ ኢንዶስኮፕ ቀስ ይላል። እኛ የምናየው እድገቱ መቆሙን፣ እርግብግቢቱ መለስለሱንና የልጁን ሁኔታ ነው። ከምባሌው ጥናት የተማርነውም የልጁን የወደፊት የማሰብ ችሎታ ይበልጥ የሚጠቁመው የአንጎሉ ሥጋ ምን ያህል አደገ የሚለው እንደሆነ ነው። የውሃው መጠን ብቻውን ብዙ አይነግረንም።

ቤት ውስጥ የልብስ ሰፊ ሜትር ያስቀምጡ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ ያው ሰው፣ ከቅንድብ በላይና ከኋላ ባለው ጉብታ ዙሪያ ይለካና ደብተር ላይ ይጻፍ። እርግብግቢቱ ልጁ ሳያለቅስ፣ ቀና ብሎ ተቀምጦ ከወጠረ፣ ዓይኑ ወደ ታች ከወረደና ነጩ ከላይ ከታየ፣ ካስመለሰው፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም እንቅልፉ ከበዛ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ይምጡ። ሸንት ከገባለት ደግሞ ትኩሳትና በቱቦው መስመር ላይ መቅላት ይጨመርበት። ሳይውል ሳያድር ነው መምጣት ያለባችሁ።

ባለቤትዎ «ምን አጥፍቼ ነው?» ብላ ራሷን እየጠየቀች ከሆነ ይህን ይንገሯት። ምንም አላጠፋችም። ጨቅላን የሚይዘው ጀርም ምን እንደሆነ ገና እየተጠና ነው። ስቲቨን ሺፍ የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ የዩጋንዳን ሕፃናት የአንጎል ፈሳሽ ለዓመታት መርምረዋል። በተለመደው የላቦራቶሪ ምርመራ ምንም አይበቅልም ነበር። ዘረመሉን ሲያነቡት ፔኒባሲለስ የሚባል ባክቴሪያ አገኙ፤ በ2020 ታተመ። ከዚያ በፊት ደግሞ የሕሙማኑ ቁጥር ከዝናቡ መጠን ጋር እንደሚያያዝ አሳይተው ነበር። እዚህም ያው ጀርም ነው ማለቴ አይደለም። የእኛ ሕፃናት ፈሳሽም እንደዚያ መጠናት አለበት፤ በሙያዬ ከምመኛቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ጀርሙ ከታወቀ ትክክለኛው መድኃኒት በጊዜ ይሰጣል፤ ጭንቅላቱ ከመታመሙ በፊት ማለት ነው።

ይህን የምታነቡ ሌሎች እናቶች፣ የእናንተ ልጅ ሃይድሮሴፋለስ የመጣው ከስፓይና ባይፊዳ ጋር ከሆነ ታሪኩ ሌላ ነው። ለቀጣዩ እርግዝና ገና ሳታስቡት ሐኪም አማክሩ። እንዲህ ያለ ልጅ ለወለደች እናት በቀን 4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ከማርገዟ በፊት ጀምሮ ይታዘዛል። በ1991 የወጣ ትልቅ ጥናት ችግሩ እንዳይደገም 72 በመቶ እንደሚከላከል አሳይቷል። የጽንሱ ህብለ ሰረሰር የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ስለሆነ፣ ማርገዟን ካወቀች በኋላ መጀመር ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ወደ ቀጠሮው ስትሄዱ ጨቅላ ክፍል ተኝቶ የወጣበትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ የተሰጠው መርፌ ስምና ስንት ቀን እንደተወጋ እዚያ ላይ አለ። የሲቲ ስካኑን ፊልም ራሱን ያዙ፤ የተጻፈው ውጤት ብቻ አይበቃም። የክትባት ካርዱ ላይ የጭንቅላቱ ልክ ከተጻፈ እሱንም። ሐኪሙን ክፍተቶቹ ተከፋፍለዋል ወይ፣ ፈሳሹ ጠርቷል ወይ፣ ይህን ቀዶ ሕክምና ምን ያህል ጊዜ ሠርተውታል ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቀየምም። የቀዶ ሕክምናው ቀን ከተቆረጠ ጡት የሚቆመው ከማደንዘዣው 4 ሰዓት በፊት ነው፤ ከዚያ ቀደም ብሎ እንዳይራብ እናትየዋ ማታውን ሙሉ ታጥባው።